«ውጤቴን ንገሩኝ» ያሉ ሰዎች

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ጨለለቅቱ ላይ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው «ቫይራል ሎዴ ስንት ወጣ?» ብሎ ባለሙያውን ቢጠይቅ ማንም አይደነቅም። ከኮቸሬ ቡና ማሳ እስከ አዲስ አበባ ጥያቄው ያው ነው። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ግን በደብዳቤ የተሰጠ መብት አልነበረም።

ቫይረሱ በኢትዮጵያ መኖሩ በደም ናሙና የታወቀው በ1984 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኤድስ ታማሚዎች በ1986 ተመዘገቡ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች ለመመርመርም ሆነ ውጤት ለመንገር ያመነቱ ነበር። ክፋት አልነበረም። መድኃኒት በሌለበት አገር አንድን የልጆች አባት «አለብህ» ብሎ ወደ ቤቱ መሸኘት ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። ዝምታው ግን ሚስቱን አላዳናትም።

ዝምታውን የሰበሩት ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ናቸው። መቅድም ኢትዮጵያ በ1997፣ ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ በ1998 ተመሠረቱ። አከራይ የተከራይን ዕቃ አውጥቶ በሚጥልበት በዚያ ዘመን አንዳንዶቹ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ አደባባይ ወጡ። በዚያው 1998 መንግሥት የኤችአይቪ ፖሊሲ አወጣ፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥም እነ ዛኪ አችማት የሕክምና ዘመቻቸውን ጀመሩ።

መድኃኒቱ በ2003 በክፍያ፣ ከ2005 መጀመሪያ ጀምሮ በነፃ መሰጠት ጀመረ። ያኔ ደግሞ ሌላ በር ተገተረ፤ ሲዲ4። ቁጥሩ ከ200 ካልወረደ ወይም ሕመሙ ካልጠና መድኃኒት አይጀመርም፤ መቁጠሪያው ማሽን ያለው በጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ ነው። ከገጠር የመጣው ሰው «ማሽኑ ተበላሽቷል»፣ «ኬሚካል አልቋል» እየተባለ ይመለሳል። ብዙው ታማሚ ትምህርቱን የቀሰመው እዚያ ወረፋ ላይ ነው፦ ካርዱን ማንበብ፣ ያለፈውን ቁጥር መያዝ፣ «ከተሠራልኝ ስድስት ወር አልፎታል፣ ድገሙልኝ» ማለት። በኋላ ከነሱ አንዳንዶቹ ኬዝ ማናጀርና አድሄረንስ ሰፖርተር ሆነው ክሊኒክ ውስጥ ተቀጠሩ። (ይህ ቅጥር ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።) ሐኪሙ የዘለለውን ምርመራ የሚያስታውሰው ሰው ከጎኑ ተቀመጠ።

ከ2016 ወዲህ ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ወዲያው መድኃኒት ይጀምራል፤ የሲዲ4 በር ወደቀ። የቀረው ቫይራል ሎድ ነው። በደንብ ለያዘው ሰው በዓመት አንዴ ይሠራል፤ ከፍ ብሎ ከወጣ ምክር ተሰጥቶ ይደገማል፣ ካልወረደ መድኃኒት ሊቀየር ይችላል። የትንሽ ከተማ ናሙና ግን ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ ተጉዞ ነው የሚመረመረው። ውጤቱ ሲዘገይ የማይሠራ መድኃኒት የሚውጠው ታማሚው ነው፤ ቀን ቆጥሮ «የኔ አልመጣም እንዴ?» የሚለውም አሁንም እሱ ነው።