ስልካችሁ ላይ ያለው የማስታወቂያ ቁጥር፦ ምንድን ነው? እንዴትስ ይጠፋል?

አንድ አፕ ላይ ጫማ አይታችሁ ሌላ አፕ ስትከፍቱ ያው ጫማ መጥቶባችሁ ያውቃል? አንዱ ምክንያት አድቨርታይዚንግ አይዲ ነው።

ምንድን ነው?
አንድሮይድም አይፎንም ለማስታወቂያ የሚያገለግል መለያ ቁጥር አላቸው። ስማችሁ የለበትም። ግን ብዙ አፖች ያንኑ ቁጥር ካዩት መረጃችሁ ይገጣጠማል። ስልኩ በየቀኑ የት እንደሚያድር ከታወቀ ቤታችሁም ታወቀ ማለት ነው።

ማን ይገዛዋል?
አስተዋዋቂ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሙስሊም ፕሮ የተባለው የሶላት ሰዓት አፕ የተጠቃሚዎቹን ሎኬሽን ኤክስ ሞድ ለተባለ ድርጅት ይሰጥ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2020 ተጋልጧል። ከኤክስ ሞድ ደንበኞች መካከል የአሜሪካ ጦር ኮንትራክተሮች ነበሩበት። ሙስሊም ፕሮ ከዚያ በኋላ ግንኙነቱን ማቋረጡን አስታውቋል።

ምን እናድርግ?
👉 አንድሮይድ፦ ሴቲንግስ ➡ ፕራይቬሲ ➡ አድስ ➡ ዲሊት አድቨርታይዚንግ አይዲ። ቦታው ከስልክ ስልክ ስለሚለያይ ካጣችሁት ሴቲንግስ ውስጥ ፈልጉት። ከዚያ በኋላ አፖች ቁጥሩን ሲጠይቁ የሚያገኙት ዜሮ ብቻ ነው።
👉 አይፎን፦ ሴቲንግስ ➡ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ➡ ትራኪንግ፣ ከዚያ "አሎው አፕስ ቱ ሪኩዌስት ቱ ትራክ" የሚለውን አጥፉት።
👉 ሎኬሽን፦ ለማያስፈልገው አፕ ከልክሉ። የካልኩሌተር አፕ የት እንዳላችሁ ምን አገባው?

ልብ በሉ!
ማስታወቂያው አይቀርም። በስልክ ቁጥር ወይም በኢሜይል የገባችሁበት አፕም ማንነታችሁን ያውቃል። ግን መረጃችሁን ማገጣጠም ይከብዳል፤ ያልተገጣጠመ መረጃ ደግሞ ገበያ ላይ ብዙም አያወጣም።