የሲኦል ጉንዳን፦ በዛፍ ሙጫ ውስጥ ተጠብቆ የተገኘው ጥንታዊ አዳኝ

"የሲኦል ጉንዳን" በመባል የሚታወቁት ነፍሳት በዳይኖሰሮች ዘመን የኖሩና ከምድር ገጽ ጨርሰው የጠፉ አዳኝ ጉንዳኖች ናቸው። ዛሬ በዓለም ላይ ከሚገኙት ከ13 ሺህ በላይ የጉንዳን ዝርያዎች መካከል የእነርሱን ዓይነት አፍ ያለው አንድም የለም።

ስለነዚህ ነፍሳት የሚታወቀው አብዛኛው መረጃ የተገኘው ከአምበር ነው። አምበር ከዛፍ የሚፈስ ሙጫ ተቀብሮ በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ሲጠነክር የሚፈጠር ሲሆን፣ ሙጫው ሳይደርቅ የተጣበቁበት ጥቃቅን ነፍሳት ቅርጻቸውን ሳይለቁ በውስጡ ይቆያሉ።

የመጀመሪያውን ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1996 ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቁት ሩሲያዊው የነፍሳት ተመራማሪ ጌናዲ ድሉስኪ ናቸው። በሰሜን ማይናማር ከሚወጣውና 99 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ካለው አምበር የተገኘውን ይህን ዝርያ "ሃይዶሚርሜክስ ሰርቤረስ" ብለው የሰየሙት ሲሆን፣ ስያሜው በግሪክ አፈ ታሪክ የሚነገርለትን የሙታን ዓለምና የደጃፉን ጠባቂ ውሻ የሚያስታውስ ነው።

የዛሬዎቹ ጉንዳኖች መንጋጋቸውን ወደ ግራና ቀኝ እየከፈቱ ይነክሳሉ። የሲኦል ጉንዳን መንጋጋ ግን እንደ ማጭድ ወደ ላይ የታጠፈ ነው። በአንዳንዶቹ ዝርያዎች ግንባር ላይም ቀንድ ይታያል። መንጋጋው ወደ ላይ እየተወነጨፈ ታዳኙን ከቀንዱ ጋር ያጣብቅ እንደነበር ተመራማሪዎች ቢገምቱም፣ ለዓመታት ቀጥተኛ ማስረጃ አልነበራቸውም።

ማስረጃው ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 "ከረንት ባዮሎጂ" በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት ነው። ጥናቱ በመረመረው የማይናማር አምበር ውስጥ "ሴራቶሚርሜክስ" የተባለው ጉንዳን፣ የበረሮ ዘመድ የሆነና ገና ያልጎለመሰ ነፍሳት አንገት በመንጋጋውና በቀንዱ መካከል ቀርቅሮ ይታያል። አዳኙም ታዳኙም በዚያው ቅጽበት እንደተያያዙ በሙጫው ተውጠው ቀርተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በብራዚል በኖራ ድንጋይ ውስጥ የተገኘ 113 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የሲኦል ጉንዳን ይፋ የተደረገ ሲሆን፣ እስካሁን በሳይንስ ከተመዘገቡት ጉንዳኖች ሁሉ በዕድሜ ቀዳሚው ሆኗል። በካናዳ አምበር የተገኘው ዝርያ ዕድሜ 78 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በመሆኑ፣ እነዚህ አዳኞች ከ30 ሚሊዮን ዓመታት በላይ በምድር ላይ መቆየታቸው ተረጋግጧል።

ይሁን እንጂ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳይኖሰሮች ከጠፉ በኋላ ከነበረው ዘመን የሲኦል ጉንዳን ቅሪት አልተገኘም። ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ ለረጅም ዘመን የጠቀማቸው ልዩ የአደን ስልት አካባቢያቸው በድንገት ሲለወጥ ለጥፋት አጋልጧቸው ሊሆን ይችላል።