ማጠፊያው ሲሰበር ጥፋቱ የማን ነው?

መቼም «ላፕቶፑ አረጀ» ሲባል ሁላችንም የምናስበው ስለ ውስጡ ነው፤ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ሜሞሪው፣ ስለ ባትሪው… ውስጣቸው ደህና ሆኖ ሳለ የስክሪኑ ማጠፊያ ስለተሰበረ ብቻ የሚጣሉ ግን አሉ። ባለቤቱም «ምን አድርገህ ሰበርከው?» ይባላል። እስቲ ከመፍረዳችን በፊት ታሪኩን እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማጠፊያው ከመምጣቱ በፊት «ተንቀሳቃሽ ኮምፒውተር» ማለት ሻንጣ ነበር። በ1981 የወጣው ኦስቦርን 1 ወደ 11 ኪሎ ይመዝን ነበር። ባለ 5 ኢንቹ ስክሪን ደግሞ ሳጥኑ ላይ የተገጠመ ስለሆነ አይታጠፍም። በ1982 ግሪድ ኮምፓስ መጣ። እንግሊዛዊው ዲዛይነር ቢል ሞግሪጅ ስክሪኑ ኪቦርዱ ላይ እንደ መጽሐፍ እንዲከደን አደረገው። ዛሬ ላፕቶፕ የምንለው ነገር ቅርጹን ያገኘው ያኔ ነው። አካሉ የማግኒዥየም ቅይጥ ነበር፤ የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩርም ይዞት በርሯል። ዋጋው ግን 8,150 ዶላር!

እንግዲህ ላፕቶፕ ለብዙ ሰው እንዲዳረስ መርከስና መቅለል ነበረበት። ፕላስቲክ መጣ፤ ጣጣውም አብሮ መጣ። አፕል በ1991 ያወጣቸውን ፓወርቡክ 140ን እና 170ን እንውሰድ። ማጠፊያቸው ብረት ነው። የሚታሰረው ግን ፕላስቲክ ውስጥ በተቀበሩ፣ ብሎን በሚገባባቸው ትንንሽ የናስ ቱቦዎች ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማጠፊያው ስክሪኑን በፈለግነው ቦታ አቁሞ የሚይዘው በሰበቃ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ቅባቱ ይደርቅና ማጠፊያው እየጠበቀ ይሄዳል። ፕላስቲኩም በዚያው ልክ እየደረቀ ይሄዳል። ክዳኑን በከፈትን ቁጥር ጉልበቱ የሚያርፈው ደካማው ላይ ነው፤ አንድ ቀን ቀጭ! የናሱ ቱቦ ተነቅሎ ይወጣል። ልብ በሉ፣ ማጠፊያው አልተሰበረም። የተሰበረው የተሸከመው ነው።

«ታዲያ ሁሉንም ብረት ብናደርገውስ?» ትሉ ይሆናል። እሱም ተሞክሯል። በ2001 መጀመሪያ ስቲቭ ጆብስ ፓወርቡክ ጂ4ን በቲታኒየም ልብስ አቀረበው። ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ስክሪኑ 15.2 ኢንች። ሰው ሁሉ ተደነቀ! በዚህኛው ደግሞ የሚሰነጠቀው ቀጭኑ ማጠፊያ ራሱ ሆነ። በ2003 ቦታውን ለአሉሚኒየሙ ለቀቀ።

ጥገናው የሚጀምረው ከዚሁ ታሪክ ነው። ብዙ ሰው ፈጥኖ ወደ ሙጫ ይሮጣል፤ የጠበቀው ማጠፊያ ግን የተጣበቀውን መልሶ ይነቅለዋል። ስለዚህ፦

መጀመሪያ ባትሪውን አውጡ፤ የተሰባበረውን ፕላስቲክ አንዱንም አትጣሉ። ካቻቪቴ ስታስገቡ በማጠፊያው በኩል የሚያልፈውን የስክሪን ገመድ ተጠንቀቁ። ማጠፊያውን ፈታችሁ ለብቻው አንቀሳቅሱት። ከጠበቀ ጥቂት ዘይት ስጡት፤ የሚላላ ብሎን ካለውም በጥቂቱ አላሉት። ከዚያ በኋላ ነው የናሱን ቱቦ በኢፖክሲ ወደ ቦታው መመለስ። ኢፖክሲው የብሎኑ ጥርስ ውስጥ እንዳይገባ! አንድ ሙሉ ቀን ሳይነካ ይድረቅ። ከዚያ ወዲያ ክዳኑን ከጥጉ ሳይሆን ከመሃሉ ይዛችሁ ክፈቱ።

ፍርዱስ? ወድቆ የተሰበረ ላፕቶፕ መኖሩ አይካድም። በየቀኑ እንዲታጠፍ ተሠርቶ ሳለ በመታጠፉ ብቻ የተሰበረ ዕቃ ግን የባለቤቱ ጥፋት አይደለም። ቅጥነትና ርካሽነት ሲመረጡ ሂሳቡን የሚከፍል አንድ ክፍል መኖሩ አይቀርም፤ ላለፉት አርባ ዓመታት ሂሳቡን ሲከፍል የኖረው ማጠፊያው ነው። ቀጣዩን ላፕቶፕ ስትገዙ ስለ ሜሞሪው ብቻ አትጠይቁ፤ ማጠፊያው ምን ላይ እንደታሰረም ጠይቁ።