በጽሑፍ ያለ ይወረሳል

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ተረቱን የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ አንብበነዋል፣ የድርሰት መክፈቻ አድርገነዋል፣ እስኪሰለቸን ሰምተነዋል። ግን «ይወረሳል» የምትለዋን ቃል ቆም ብላችሁ አይታችኋት ታውቃላችሁ? አባት ለልጁ ትቶት የሚያልፈው ቤት ይወረሳል። ደርግ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የወሰደው ትርፍ ቤትም «የተወረሰ» ነው። አማርኛችን ለማግኘትም ለመነጠቅም አንድ ቃል ሰጥቶናል።

የዛሬው ጨዋታችን ከዚህ ጋር ይገናኛል፤ መጽሐፍ ቅዱስን በሞባይል ስለማንበብና ስለማዳመጥ ነው። ታክሲ ውስጥ ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ሁሉ ዘፈን የሚሰማ እንዳይመስላችሁ፤ መዝሙረ ዳዊት የሚሰማም አለ። በዚህ ነገር ሁለት ወገን እንሰማለን። አንዱ «መጽሐፉ ከክብሩ ወረደ፣ ከፌስቡክ ጎን ተቀመጠ» እያለ ያዝናል። ሌላው «ታይቶ የማይታወቅ አብዮት መጣ» እያለ ያጨበጭባል። እኛ ደግሞ ሁለቱም ታሪኩን የዘለሉት ይመስለናል። በጆሮ መስማት ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ሌላ ቦታ ነው፤ እንደርስበታለን።

ሲሰማ የኖረ መጽሐፍ

መጽሐፍ ቅዱስ ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን፣ ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ነው። ዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በራዲዮካርቦን ሲመረመሩ ዕድሜያቸው እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ ወድቋል። ታዲያ መጽሐፉ ይህን ያህል ዘመን ኖረ ማለት ሕዝቡ ይህን ያህል ዘመን አነበበው ማለት አይደለም። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ ብራና ብዙ የፍየልና የበግ ቆዳ ያስፈልጋል፤ ጸሐፊው ወራት ይደክምበታል። በዚህ ዋጋ መጽሐፍ የገዳም፣ የደብር ወይም የመኳንንት ንብረት ከመሆን ሌላ ምን ይሆናል? ሕዝቡ ወንጌል ሲነበብ ቆሞ ይሰማል፤ ያውም በማይናገረው በግዕዝ።

ሆኖም የአማርኛ ትርጉም አልነበረም ብሎ መደምደም ስህተት ነው። ነበረ፤ በአፍ ነበረ። በትርጓሜ ቤት ግዕዙ ይነበባል፤ መምህሩ ያንኑ በአማርኛ ይፈታል፤ «አንድም» እያለ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምሥጢር ይጨምራል። ተማሪው ያን ሁሉ በቃሉ ይይዛል። ከትርጓሜ ቤት በፊት ደግሞ ዳዊት አለ። ፊደል የቆጠረ ልጅ መዝሙረ ዳዊትን እየደጋገመ ንባብ ይጠነቅቃል፤ «ዳዊት ደገመ» ከተባለለት ንባብ አወቀ ማለት ነው። እንግዲህ «በቃል ያለ ይረሳል» የሚለው ተረት የቆሎ ተማሪውን ሳይጠይቅ የተነገረ ይመስላል።

የካይሮው ማክሰኞና ቅዳሜ

የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው ኢትዮጵያ ውስጥ አይደለም፤ ካይሮ ነው። ተርጓሚው አባ አብርሃም ይባላሉ፤ የውጭ ጸሐፊዎች አቡ ሩሚ ይሏቸዋል። ኢየሩሳሌምን፣ ፋርስንና ሕንድን የረገጡ መንገደኛ መነኩሴ ነበሩ። ካይሮ ውስጥ አስላን ደ ሼርቪል ከተባለ የፈረንሳይ ቆንስላ ባለሥልጣን ጋር ተገናኙና ሥራ ጀመሩ። ሰውየው እንደተረከው በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ ለእንግዳ ሁሉ በር ይዘጋል። የዐረብኛው መጽሐፍ በዝግታ ይነበባል፤ የከበደው ቃል ይብራራል፤ አባ አብርሃም ወደ አማርኛ ይመልሳሉ። ይህ 10 ዓመት ያህል ፈጀ። ልብ በሉ፣ በእጃችን የያዝነው ጽሑፍ ራሱ በጆሮ ተጀምሯል።

ቀጥሎ ውርስ መጣ፤ ወይም ሽያጭ። እ.ኤ.አ. በ1820 ዊልያም ጆዌት የተባለ የእንግሊዝ ሚሲዮናዊ የብራናውን... ይቅርታ፣ የወረቀቱን ክምር በ1,250 ፓውንድ ለብሪታኒያ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። አባ አብርሃም በዚያው ዘመን ካይሮ ውስጥ በወረርሽኝ ሞቱ፤ ሥራቸው ታትሞ አላዩም። ወንጌሎቹ በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ለንደን ላይ ታተሙ። ማኅበሩ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1820ዎቹ አጋማሽ ከ66ቱ ውጭ ያሉ መጻሕፍትን ላለማሰራጨት ወስኖ ነበር። ስለዚህ 81 መጻሕፍት የምትቆጥር ቤተ ክርስቲያን ያላት አገር፣ በራሷ ቋንቋ የደረሳት የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ከቁጥሯ የጎደለ ሆነ። አሳታሚው ክፋት አስቦ ነው አንልም። ገንዘቡም ማተሚያውም ዝርዝሩም የእርሱ ነበር፤ ነገሩ በዚህ ያበቃል።

የተወረሰው ድምፅ

ከማተሚያ ቀጥሎ ሬዲዮ መጣ። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አዲስ አበባ ላይ ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1963 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት ተመረቀ። ስርጭቱ አፍሪካን፣ መካከለኛው ምሥራቅንና እስያን ይደርስ ነበር። ከፕሮግራሙ 30 በመቶው ስብከትና መንፈሳዊ ነገር፣ 70 በመቶው ዜናና ትምህርት እንዲሆን ታስቦ ተሠራ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ከዕብራይስጥና ከግሪክ እየታየ የተሰናዳው አዲሱ የአማርኛ ትርጉም ወጥቷል። ትርጉም አለ፣ ድምፅ አለ፤ ማንበብ የማይችለው ብዙኃኑ ሕዝብ ሬዲዮ ባለበት ቤት ተሰብስቦ ይሰማል።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰው። ስሙም «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ሆነ። ማስተላለፊያው ያው፣ ማይክሮፎኑ ያው፣ የሚነገረው ብቻ ሌላ! በቀጣዮቹ ዓመታት ቤተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ፤ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ታሸገች። ምእመናን በየቤቱ በትንንሽ ቡድን እየተሰበሰቡ ቀጠሉ። ጣቢያ ያለው ተወረሰበት፤ ሕንፃ ያለው ታሸገበት። በሰው ልብ የተያዘውን ግን በአዋጅ መውሰድ አልተቻለም።

ስልኩ ሲመጣ

አፕል የአፕሊኬሽን መደብሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 ነው። በመጀመሪያው ቀን ከቀረቡት መካከል ኦክላሆማ የሚገኝ ላይፍ ቸርች የተባለ ቤተ ክርስቲያን ያዘጋጀው የዩቨርዥን መጽሐፍ ቅዱስ ነበረበት። ከዓመት በፊት በድረ ገጽ ሞክረውት ያን ያህል አልሄደላቸውም፤ ወደ ስልክ ሲያዞሩት ተሳካ። በ2021 ከ500 ሚሊዮን በላይ ስልኮች ላይ መጫኑ ተነገረ። ድምፁን በተመለከተ ደግሞ «ፌይዝ ካምስ ባይ ሂሪንግ» የተባለው የኒው ሜክሲኮ ድርጅት አለ። በ1972 በካሴት ጀምሮ ዛሬ በብዙ መቶ ቋንቋዎች የተቀረጸ ንባብ ያቀርባል፤ አማርኛም አንዱ ነው።

ለእኛ አገር ሰው ግን መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያም በኋላ ለዓመታት ብዙ ስልኮች አማርኛን ባዶ አራት ማዕዘን አድርገው ያሳዩን ነበር። ፊደሉ ስልክ ላይ በደህና የተቀመጠው ዘግይቶ ነው። ከዚያ በኋላ የ1954ቱም፣ አዲሱ መደበኛ ትርጉምም፣ ግዕዙም፣ ኦሮምኛውና ትግርኛውም ኪስ ውስጥ ገቡ።

ጥቅሙን አናሳንስም። ዓይኗ የደከመ እናት ልጅ እስኪያነብላት አትጠብቅም። ዓይነ ስውሩ መሪ አያስፈልገውም። የሌላ እምነት አደባባይ አምልኮ በማይፈቀድባት በሳዑዲ ዓረቢያ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ማዳመጫዋን ሰክታ ልብስ ስትተኩስ ምን እየሰማች እንደሆነ የሚያውቅባት የለም። አባ አብርሃም ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

አሁን አዲሱ ነገር ያልነው ጋ ደረስን። ብራናው የደብሩ ነበር፤ ደብሩ መንደር ውስጥ ነው፤ ቁልፍ ያዡም ይታወቃል። አፕሊኬሽኑ ያለበት ቤት ግን ሩቅ ነው፤ በሩም ብዙ ነው።

የመጀመሪያው በር መደብሩ ነው። በ2021 «ኦሊቭ ትሪ» የተባለው የመጽሐፍ ቅዱስ አፕሊኬሽን ከአፕል የቻይና መደብር ወጣ። ምክንያቱ የመንግሥት ፈቃድ ማቅረብ ነበረበት የሚል ነው። በዚያው ሰሞን አንድ የቁርኣን አፕሊኬሽንም ተነሥቷል። ጣቢያ መክበብ፣ ወታደር መላክ አላስፈለገም።

ሁለተኛው በር ኔትወርኩ ነው። ጽሑፉን ስልካችን ላይ ካወረድነው ያለ ኢንተርኔት እናነበዋለን፤ ድምፁ ግን ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ አንባቢው አልተቸገረም፤ አድማጯ እናት ግን ዝም ተባለች። መስማት ብቻ የምትችለው ናት መጀመሪያ የምትጎዳው።

ሦስተኛው በር ዝርዝሩ ነው፤ ይህ ከ1840 ጀምሮ የምናውቀው ነው። አፕሊኬሽኖች ላይ በብዛት የሚገኘው የ1954ቱ ትርጉም 66 መጻሕፍት የያዘው ነው። መጽሐፈ ሄኖክና ኩፋሌ ሙሉ ሆነው ለዓለም የተረፉት በግዕዝ ብቻ ነው፤ የወጣቱ ስልክ ላይ ግን ላይኖሩ ይችላሉ። 81ዱን የያዙ አሉ፤ ፈልጎ ማግኘቱ ግን የተጠቃሚው ፋንታ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ያላየውን ነገር ማን ይፈልጋል?

ታዲያ ስልኩን እንጣለው? ኧረ በፍጹም! እኛ የምንለው ሌላ ነው። ጽሑፉን አውርዱት፤ ሊወርድ የሚችለውን ድምፅም እንዲሁ፤ የታተመውን ከቤት አታጥፉ። አብያተ ክርስቲያናቱና ወጣት ፕሮግራመሮቻችን ደግሞ የውጭ ድርጅት እስኪቀርጽልን መጠበቅ ይብቃቸው። 81ዱ በአማርኛ ይነበብ፤ የትርጓሜ መምህራኑ ድምፅ እነርሱ ሳያልፉ ይቀረጽ፤ ቅጂው በብዙ እጅ ይሁን። ለራሳችንም ቢያንስ ጥቂት መዝሙራት በቃላችን እንያዝ፤ የቆሎ ተማሪው 150ውን ይዞ የለ? እንዲህ ካደረግን ልጆቻችን የሚወርሱት ይኖራል፤ ሌላ ወራሽ ቢመጣም የሚያጣው ነገር ይኖራል።