የሀራኒያ ልጆችና የሽመና ክፍያቸው

ሽሮሜዳ ያደግሁ የሸማኔ ልጅ ነኝ፤ እንጀራዬ ግን ሥዕል ማስተማር ነው። አባቴ ጥለቴ ሲጣመም ሳይቆጣ "ፍታው" ይለኝ ነበር። ለዚህም ይመስለኛል ስለ ግብፃዊው አርክቴክት ራምሴስ ዊሳ ዋሰፍ ሳነብ ልጆችን ሽመና ለማስተማር ያወጣቸው ሕጎች ያስደነገጡኝ፦ ልጅ በወረቀት የተነደፈ ሥዕል እያየ አይሸምንም፤ የሌላ ሠዓሊ ሥራ አያይም፤ አዋቂ አያርመውም፣ አይነቅፈውም።

ዊሳ ዋሰፍ ኮፕት ነበር፤ ፓሪስ ተምሮ ካይሮ አስተምሯል። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አሮጌው ካይሮ ውስጥ ለትምህርት ቤት ልጆች ከክፍል በኋላ ሽመና ሞከረ። በ1951 ደግሞ ከጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ሀራኒያ በምትባል የገበሬ መንደር መሬት ገዝቶ የሽመና ማእከሉን አቋቋመ። ባለቤቱ ሶፊም ለነገሩ እንግዳ አልነበረችም፤ አባቷ ሀቢብ ጎርጊ የመንደር ልጆችን ሸክላ እያስያዘ ያለ ንድፍ ቅርጽ ያሠራ ነበር።

የሀራኒያ ሸማኔ እንደ እኛ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አይከትም። ድሩ ፊቱ ቆሞ ይወጠራል፤ ልጁ በማጉ ከታች ወደ ላይ ዘንባባውን፣ አህያውን፣ የአባይን ዳር እያበቀለ ይሄዳል። ያለቀው ከታች ስለሚጠቀለል ሙሉው ሥዕል ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ ብቻ ነው። ሱፉ የሚቀለመው ከተክል በወጣ ቀለም ነው።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን ለልጆቹ ይከፈላቸው እንደነበር ነው። ነፃ ትምህርት የምንለው ክፍያ የሌለበትን ነው፤ በድሃ ቤት ግን የልጅ ሰዓትም ገንዘብ ነው። በእኛ ሰፈር ልጅ ክር ካላጠነጠነ የአባት ሥራ ይጓተታል። ያንን ሰዓት ያልገዛ የጥበብ ትምህርት የሚደርሰው ትንሽ ለተረፋቸው ነው። ዊሳ ዋሰፍ ይህ ገብቶታል፤ ብዙዎቹም አድገው፣ አግብተው፣ ሽመናውን ሳይተዉ ኖረዋል።

የሚጎረብጠኝ ሁለተኛው ሕግ ነው። አዋቂ አይግባ ያለው ሰው፣ ልጁ ምን እንደማያይ ራሱ ወሰነ። የከተማ ልጅ ሙዚየም ሲጎበኝ የገጠሩ "ንጹሕ" ሆኖ እንዲቀር የፈረደበት ማን ነው? ጨርቆቹን ሳይ ክርክሬ ይላላል፤ አይጠፋም።

በ1974 ዊሳ ዋሰፍ ሲሞት ሶፊና ሴት ልጆቻቸው ሱዛንና ዮአና ሥራውን ቀጠሉ፤ ሌላ ትውልድም ተተካ። በ1983 ማእከሉ የአጋ ካን የኪነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ፤ የጭቃ ጡቡ ጉልላት በእርግጥም ያምራል። ዳኛ ብሆን ኖሮ ግን የምሸልመው ክፍያውን ነበር።