መምህር ያለበት አገር ሩቅ አይደለም

በስማዳ ወረዳ ከተማ በወገዳ የሚሠራ ዳኛ ወይም ሐኪም ወይም መምህር ልጁ ከፍ ባለ ጊዜ አንድ ነገር ያሳስበዋል። ልጁን ከአጠገቡ ሳይለይ በዚያው ያስተምረው፤ ወይስ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ልኮ ከዘመድ ዘንድ ያስቀምጠው? ይህ አሳብ በዚያ አገር የቈየ ነው፤ በቀድሞ ዘመን ግን መንገዱ ወደ ሌላ ያመራ ነበር።

ያን ጊዜ በገጠር የተማረ ሰው ማለት ካህኑና ደብተራው ነበረ። እርሱም ልጁን ፊደል ካስቈጠረና ዳዊት ካስደገመ በኋላ ቅርቡን ጉባኤ ሳይሆን መምህሩን ይመርጥ ነበር። ለቅኔ ዋሸራ ወይም ዋድላ፣ ለአቋቋም ጎንደር፣ ለድጓ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ ይባላል። ከነዚህም ቤተ ልሔምና ዙር አባ በጋይንት ምድር ናቸው። ስለዚህ ጋይንት ከነገሥታት ከተማ ቢርቅም ከትምህርት የራቀ አልነበረም፤ የከተማው ካህን እንኳ ልጁ በድጓ እንዲመሰክር የወደደ እንደ ሆነ ወደዚያ ይሰደው ነበር።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ልጁ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ እየታገለ ቍራሽ ለምኖ ያድራል፤ ድጓውን በእጁ ጽፎ፣ ዜማውን አጥንቶ እስኪመሰክር ድረስም ብዙ ዓመት ከወላጆቹ ተለይቶ ይኖራል።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ከፍተው መምህራን ከግብጽ ባስመጡ ጊዜ መንገዱ መዞር ዠመረ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፣ ጠላትም ከወጣ በኋላ በ1935 ዓ.ም. የኮተቤው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከተሉ። ሹመትና ደመወዝ በነዚህ በር ስለ ሆነ፣ ቀድሞ ወደ ገጠር ይወርድ የነበረው ተማሪ ወደ ከተማ ወጣ።

የወገዳውም ሐኪም ልጁን ቢልክ አይነቀፍም፤ የአባት ግዴታው ነውና። ነገር ግን ልጁ ሲሄድ እናቲቱ ትከተላለች፤ በመጨረሻም አባትዮው ዝውውር ይጠይቃል። ባላገሩ በከተማ ዘመድ የለውምና ከነልጁ በዚያው ይቀራል፤ ሐኪሙንም ያጣል።

ቤተ ልሔምን ያቆመው ምንድር ነው? መምህሩ በደብሩ መሬት፣ ተማሪው በባላገሩ ቍራሽ ይኖሩ ስለ ነበር ጉባኤው አልተፈታም። ጃፓኖችም በ1946 ዓ.ም. ስለ ሩቅ አገር ትምህርት ሕግ ሲያወጡ፣ በደሴትና በተራራ ለሚያስተምሩ መምህራን ቤት እንዲሰጥ ያዘዙት ይህንኑ ተረድተው ነው።

እንግዲህ ሐኪሙን በወገዳ ለማቈየት የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ የልጁን መምህር በወገዳ ያቈይ። ያን ጊዜ አባትዮው ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ አይጨነቅም፤ የገበሬውም ልጅ ከሐኪሙ ልጅ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ ይማራል።