ጥፋትን ማመንና አድማን ማስረዳት፦ ከላስታ አውጫጭኝ እስከ ሽብር ችሎት

በላስታና በአካባቢው ደጋማ አገር ወንጀል ተፈጽሞ ፈጻሚው ሳይታወቅ ሲቀር፣ እውነቱን የማውጣት ግዴታ በዳኛ ላይ ብቻ ሳይሆን በነዋሪው ሁሉ ላይ የሚወድቅበት ሥርዓት ለብዙ ዘመን ሠርቷል። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ በሚባለው በዚህ ሥርዓት፣ ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲዘረፍ ወይም ሰው በስውር ሲገደል፣ የአገሩ ሹም ወንዶቹን በአንድ ሜዳ ይሰበስብና፣ የቀረውን እየቀጣ፣ የተገኘው ሁሉ ያየውንና የሰማውን እንዳይደብቅ ያስምላል፤ ጉባኤው ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ በቀጠሮ ይራዘማል፣ ገበሬውም ከእርሻውና ከአጨዳው ተነጥሎ ይውላል። በቀልን የፈራ ሰው ስሙ ሳይገለጽ ለተመረጡት ሽማግሌዎች በምስጢር ይነግር ነበር፤ ይህ ስውር ምስክር «ወፍ» ይባላል። ጥፋተኛው ካልተገኘ ደግሞ የጠፋውን ንብረት ነዋሪዎቹ በጋራ ይከፍላሉ።

የሥርዓቱ ብርታት፣ በአንድ መንደር የተመከረ ክፋት ከመንደርተኛው ሁሉ ሊሰወር አይችልም ከሚል እውቀት የመነጨ መሆኑ ነው። አደጋውም ከዚያው ይመነጫል፤ ሥራው የቆመበትና ካሣ መክፈል የሚጠብቀው ጉባኤ፣ ዘመድና ወገን የሌለውን ሰው አሳልፎ ለመስጠት መፈተኑ አይቀርም፣ የተወነጀለውም ሰው የከሰሰውን «ወፍ» ፊት ለፊት መጠየቅ አይችልም። በቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት የሚጠናው ፍትሐ ነገሥት ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ቃል እንዲጸና የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ከስውሩ ምስክር ጋር መጣጣሙ ቀላል አልነበረም።

አድማ፣ ማለትም ወንጀል ለመፈጸም በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች መካከል የሚደረግ ስምምነት፣ ያለ ማስረጃ ሲታመን የሚያስከትለው ጥፋት በጣሊያን ወረራ ዘመን በግልጽ ታየ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በአዲስ አበባ በጣሊያን እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ፋሺስቶቹ በከተማይቱ ሕዝብ ላይ ከፈጸሙት ጭፍጨፋ በኋላ፣ በግንቦት ወር ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳት በጥቃቱ መተባበራቸው በጦር ዐቃቤ ሕጉ እንደተረጋገጠ ገልጾ፣ ያለ ችሎት እንዲረሸኑ ለጄኔራል ማሌቲ በቴሌግራም አዘዘ። የግራዚያኒ የራሱ ሪፖርቶች የሟቾቹን ቁጥር 449 ያደርሱታል፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ከዚህ እጅግ የበለጠ መሆኑን ያሳያሉ። በአውጫጭኝ እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ይጠየቅና ይምል ነበር፤ እነዚህ መነኮሳት ግን ማን ምን እንዳደረገ ተለይቶ ሳይነገር፣ በአንድ ገዳም በመኖራቸው ብቻ አድመኛ ተባሉ።

ከነጻነት በኋላ የመጡት ሕጎች፣ በተለይም የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ኃላፊነትን ከመንደሩ ወደ ግለሰቡ አዛወሩ። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ተከሳሹ ክሱን ያምን ወይም ይክድ እንደሆነ የሚጠየቅበትን የእምነት ክህደት ቃል ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 134 መሠረት እምነቱ ጥፋተኛ ሊያሰኘው የሚችለው የወንጀሉን ፍሬ ነገሮች በሙሉ ያለ ምንም ገደብ ያመነ እንደሆነ ነው። ይህ ጥንቃቄ በቦምብ ጥቃት ክስ ውስጥ ክብደቱ ይጨምራል፤ «ቦምቡን ይዤ ነበር» ያለ ሰው ለምን ዓላማ እንደያዘውና ከማን ጋር እንደተስማማ ገና አላመነም፣ ቢያምንም ቃሉ ስለራሱ ድርጊት እንጂ ስለ ጓደኛው ሐሳብ በራሱ በቂ ማረጋገጫ ሊሆን አይገባም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት እንዳይኖረው ደንግጓል። ይሁን እንጂ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ማቀድን፣ መዘጋጀትንና ማደምን ከድርጊቱ ጋር በእኩል ቅጣት አስቀምጦ፣ የስሚ ስሚ ማስረጃንም ተቀበለ። ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በድጋፍ ሰልፍ ላይ በተጣለው ቦምብ ሰዎች ሞተው ብዙዎች ሲቆስሉ፣ አምስት ሰዎች በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተከሰሱ። በአንድ ቦምብ ብዙ ሰው በሚከሰስበት እንዲህ ባለ ጉዳይ ዋናው ጥያቄ የእያንዳንዱ ተከሳሽ ድርሻ ተለይቶ መረጋገጡ ነው። የፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ አንቀጽ 134 ደግሞ ተከሳሹ ቢያምንም እንኳ ፍርድ ቤቱ ዐቃቤ ሕግን ማስረጃ እንዲያቀርብ ለማዘዝ ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ዳኞች በሽብር ክስ ሁሉ፣ የተከሳሹ እምነት የቱንም ያህል ግልጽ ቢመስል፣ ይህን ሥልጣን ሊሠሩበት ይገባል።